«ዛሬ ዝግ ነው» የሚልዎትን አይስሙ፦ ስለ ባንኮክ ለጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ወደ ባንኮክ ከሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ገሚሱ ለሕክምና ይሄዳል፣ ገሚሱ ለንግድ። ሁሉም ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጉዳያችንን ከጨረስን በኋላ አሮጌውን ከተማ እንዴት አድርገን እንየው? ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ በእኛ፣ ዋጋው ደግሞ በታይላንድ ባት ነው። የመግቢያ ክፍያ በየጊዜው ስለሚጨምር ከጻፍነው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ አባቴን ለሕክምና ይዤ እሄዳለሁ። ማረፊያችን ሱኩምቪት የሚባለው ሰፈር ነው። የምርመራው ውጤት እስኪደርስ ሁለት ቀን ነፃ እንሆናለን። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ይራመዳሉ፣ ደረጃ ግን ይከብዳቸዋል። የቱን አይተን የቱን እንተው?
ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የቦታው አቀማመጥ ከገባዎ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። በ1782 ንጉሥ ራማ 1ኛ መቀመጫቸውን ከቻኦ ፕራያ ወንዝ ምዕራብ ዳር፣ ከቶንቡሪ፣ ወደ ምሥራቁ ዳር አሻገሩ። ወንዙ እዚያ ላይ እንደ ቀስት ይጎብጣል። በስተጀርባ ቦይ ሲቆፈር መሬቱ በውኃ ተከበበና ደሴት ሆነ፤ ስሙም ራታናኮሲን ተባለ። ታላቁ ቤተ መንግሥትና ዋት ፖ እዚያው ደሴት ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ዋት አሩን ከወንዙ ማዶ ፊት ለፊት ነው። ዋት ማለት ገዳም ማለት ነው። ሦስቱን የሚያገናኛቸው አጭር የእግር መንገድና የአምስት ባት ጀልባ ስለሆነ ለቀኑ ሙሉ ታክሲ መኮናተር ብርን መጣል ነው።

ከሱኩምቪት የምድር ውስጥ ባቡሩን፣ ሰማያዊውን መስመር፣ ወደ ላክ ሶንግ አቅጣጫ ይያዙ። ሳይቀይሩ ዘጠነኛው ጣቢያ ሳናም ቻይ ነው፤ የሚወርዱት እዚያ ነው። ጣቢያው በቤተ መንግሥት አዳራሽ አምሳል ስለተሠራ ጣሪያውንና ዓምዶቹን ቀና ብሎ ማየት ነው። ሊፍት አለው፤ ለአባትዎ ዋናው እሱ ነው። ከቲኬት መሸጫ ማሽኑ የሚገዙት ቲኬት ክብ የፕላስቲክ ሳንቲም ነው። ሲገቡ በበሩ ላይ ያስነኩታል፣ ሲወጡ ቀዳዳው ውስጥ ይጨምሩታል። ከጠፋ ቅጣት ስላለው ኪስ ውስጥ ከሳንቲም ጋር አይቀላቅሉት።

የመጀመሪያው ቀን ለዋት ፖ ይሁን። ጠዋት 2 ሰዓት ሲከፈት እዚያ ይሁኑ፤ መግቢያው 300 ባት ነው። የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ከፍታ አለው። ውስጡ ጡብ፣ ላዩ ልስን፣ ልስኑ ላይ ደግሞ ስስ ወርቅ ተለብጦበታል። አዳራሹ የተሠራው በምስሉ ልክ በመሆኑ ዓምዶቹ ይጋርዳሉ፤ ወደ ኋላ ርቆ ሙሉውን ማየት አይሆንም። ሰው ሁሉ ፎቶ ለማንሳት ራስጌ ላይ ይጋፋል፤ የእጅ ሥራው የሚታየው ግን ግርጌ ነው። ሁለቱ ውስጥ እግሮች በ108 ሥዕሎች የተሸፈኑ ናቸው። ሥዕሎቹ ከሚያብረቀርቅ የባሕር ዛጎል ተቆርጠው ጥቁር መደብ ውስጥ የተሰኩ ናቸው። ቀረብ ብለው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዘንበል ሲሉ የዛጎሉ ቀለም ከሐምራዊ ወደ አረንጓዴ ይለዋወጣል። ከምስሉ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል፣ 108 የነሐስ ሙዳየ ምጽዋት ተደርድረዋል። 20 ባት ሰጥተው ሽርፍራፊ ሳንቲም ይወስዱና በየአንዳንዱ አንድ አንድ እየጣሉ ያልፋሉ። አዳራሹ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚሰማው ኳኳታ የሳንቲሙ ነው።

ዋት ፖ የታይ ማሸትም ማስተማሪያ ነው፤ ግቢው ውስጥ በክፍያ ይሰጣል። ታይ ማሸት ግን ዘይት ቀብቶ ማሻሸት አይደለም። በክርንና በጉልበት ይጫናሉ፣ መገጣጠሚያን ይጎትታሉ፣ ጀርባን ያጣምማሉ። አባትዎ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ የአጥንት ወይም የደም ሥር ችግር ያለባቸው ከሆነ ሐኪማቸው ሳይፈቅድ አይሆንም።

ከዚያ ወደ ወንዙ፣ ታ ቲየን ወደሚባለው የጀልባ መሳፈሪያ፣ ቀስ ብለው ቢሄዱም ሩቅ አይደለም። ወደ ማዶ የምታሻግረው ጀልባ ሰፊና ዝግተኛ ስለሆነች ለአባትዎ ትመቻለች። ብርቱካናማ ባንዲራ የያዘው የወንዙ የሕዝብ ጀልባ ሌላ ነው። 16 ባት ብቻ ያስከፍላል፣ ጥሩም ነው፤ ነገር ግን ፉጨቱ ተነፍቶ ገመዱ ተጥሎ እስኪነሳ ሴኮንዶች ነው የሚቆመው፣ ጀልባውም መድረኩም ይወዛወዛሉ። እሱን ብቻዎን ሲሆኑ ይሳፈሩ።

ዋት አሩን ላይ ማማው ሙሉ በሙሉ የለበሰው የቻይና ሲኒና ሳህን ስብርባሪ ነው፤ ቁርጥራጩ አበባና ቅጠል ሆኖ ተሰክቷል። መውጫ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው። መውጣቱ እንኳ ይቻላል፣ መውረዱ ነው ጉልበት የሚያንቀጠቅጠው። አባትዎ ከታች ጥላ ሥር ይቀመጡ፤ ጌጡ ከታችም በደንብ ይታያል። ወደ ወንዙ የዞረው ፊት ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል፣ ሲመሽ ይጨልማል። ስለዚህ ለዝርዝሩ በጠዋት ተሻግሮ ማየት፣ ለጀንበር መጥለቂያው ግን ከታ ቲየን በኩል ሆኖ ማየት ነው። ከቀኑ 5 ሰዓት ሳያልፍ ወደ ማረፊያችሁ ብትመለሱ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሙቀት ለጤነኛም ይከብዳል።

ሁለተኛውን ቀን በተመለከተ፣ ታላቁን ቤተ መንግሥት ከአባትዎ ጋር አንመክርም። ጥላው ጥቂት፣ ሰዉ ብዙ፣ የበሩ መድረክ ሁሉ ከፍ ያለ ነው። እርስዎ ጠዋት ለብቻዎ ደርሰው ይምጡ። ለአባትዎ የምንመርጠው ዋት ቤንቻማቦፒት ነው፤ ከጣሊያን ካራራ በመጣ ነጭ እብነ በረድ የተሠራ፣ ግቢው ሜዳ፣ ጸጥታ ያለበት ገዳም ነው። ታክሲ በሩ ድረስ ያደርሳችኋል። ሾፌሩ ሜትር እንዲከፍት ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ቀጣዩን መያዝ ነው።

ጥያቄ፦ ቀሚሴ እጅጌ የለውም፤ ነጠላ ደርቤ ብገባስ? ቤተ ክርስቲያን የምንገባው እንዲሁ አይደል?
እ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ታላቁ ቤተ መንግሥት በር ላይ ይመልሱዎታል። ጥበቃዎቹ የሚያዩት ከላይ የተደረበውን ሳይሆን ከሥር ያለውን ልብስ ነው። ነጠላ ደግሞ ስስ ነው፣ ያሳያል። ትከሻ የሚሸፍን እጅጌ ያለው ልብስና ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚወርድ ቀሚስ ወይም ሱሪ ይልበሱ። የተቀደደ ጂንስ፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ታይትና ቁምጣ ለወንድም ለሴትም አይፈቀድም። የተመለሰ ሰው መንገድ ማዶ ካሉት ሻጮች የዝሆን ሥዕል ያለበት ሰፊ ሱሪ ይገዛል። ዋጋው ከ100 እስከ 200 ባት ነው፤ ተቸኩሎ የሚገዛ ስለሆነ ከጠሩት በታች ለመግዛት ይከብዳል። በሌሎቹ ገዳማት ነጠላዎ ይበቃ ይሆናል።

ጫማ ማውለቁ ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆኑት ሌሎች ናቸው፦ የበሩን መድረክ አይረግጡትም፣ ተሻግረውት ነው የሚገቡት። ሲቀመጡ እግርዎን ወደ ኋላ ያጥፉ፤ ውስጥ እግር ወደ ቡድሃ ወይም ወደ ሰው መዞር ነውር ነው። ሴት መነኩሴን አትነካም፤ ዕቃም በእጁ አትሰጠውም፣ ፊቱ ታስቀምጥለታለች።

ጥያቄ፦ አንድ ዘመዴ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ «ዛሬ ዝግ ነው» ተብሎ በባጃጅ ሌላ ቦታ ተወሰደና መጨረሻው ጌጣጌጥ ሱቅ ሆነ። ይሄ የተለመደ ነው? እንዴት ላምልጥ?
ነጋዴ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ የዘለቀ ማታለያ ነው፤ የሚሠራውም ሰውየው ጨዋ ስለሚመስል ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ አንዳንዴ አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል፣ ከየት እንደመጡ በፈገግታ ይጠይቃል። ከዚያ «መነኮሳቱ ጸሎት ላይ ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ ነው የሚከፈተው» ይላል። ካርታ አውጥቶ ሌላ ገዳም ያከብብልዎታል፤ በአጋጣሚ የመጣ የሚመስል ቱክ ቱክ፣ የእኛ ባጃጅ ማለት ነው፣ በ20 ወይም በ40 ባት ሊያዞርዎ ይስማማል። ዋጋው ከነዳጁ ያነሰው ለምንድን ነው ብለው ይጠይቁ። ሾፌሩ የሚከፈለው ከሱቁ ነው፤ እንግዳ ይዞ በገባ ቁጥር የነዳጅ ኩፖን፣ ከተገዛም ኮሚሽን ያገኛል። ሱቁ ውስጥ ደግሞ «ዛሬ የመንግሥት ልዩ ቅናሽ የመጨረሻ ቀን ነው፣ አገርዎ ወስደው በእጥፍ ይሸጡታል» ይባላሉ። ለነጋዴ ጆሮ ይህ ቃል ይጣፍጣል፤ ወጥመዱም እሱ ነው። ድንጋዩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ዋጋው ግን ፈጽሞ አይመልስም።

መድኃኒቱ መልስ ሳይሰጡ መራመድ ነው። የእንግዳ መግቢያው በና ፕራ ላን መንገድ ላይ ያለው ዊሴት ቻይ ሲ የተባለው በር ነው። ዝግ መሆኑን የሚነግርዎ እዚያ የቆመ የደንብ ልብስ ለባሽ ብቻ ነው። ቲኬት የሚሸጠው በሩን አልፈው ውስጥ ነው፦ 500 ባት፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 9፡30፣ በሳምንት ሰባቱንም ቀን። በእውነት የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ የንጉሣውያን ሥርዓት ሲኖር በሙሉም በከፊልም ይዘጋል፣ ያም በቤተ መንግሥቱ ድረ ገጽ ይወጣል። ከመውጣትዎ በፊት ማታ አንዴ ማየት ይበቃል።

ሁለት ታናናሾችም አሉት። ሳናም ሉዋንግ በሚባለው ሜዳ ዳር ለርግብ የሚበተን በቆሎ እጅዎ ላይ ያስቀምጡና ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ እጅዎን ከፍተው አይሂዱ። በረጅሟ ባለ ሞተር ጀልባ ቦዮቹን ለመዞር ሲስማሙ ደግሞ ዋጋው ለጀልባው ይሁን ለአንድ ሰው፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና መመለሻውን እንደሚጨምር ሦስቱንም ወረቀት ላይ ያስጽፉ። ጠቡ የሚነሳው ሁልጊዜ ሲወርዱ ነው። የቱሪስት ፖሊስ ስልክ 1155 ነው።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወርቅ አይቶ መመለስ አይበቃኝም። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ምን ላይ ላተኩር?
ከደሴ

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ እርስዎን ለመሰለ ሰው ሦስት ሰዓት ይያዝለት።

እንደተከፈተ ሌላውን ሁሉ አልፈው በቀጥታ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ወዳለው ገዳም፣ ወደ ዋት ፕራ ኬው፣ ዋና አዳራሽ ይግቡ፤ አስጎብኚ የሚመራቸው ቡድኖች ሲደርሱ መቀመጫ አይገኝም። እዚያ ያለው ምስል ስሙ የመረግድ ቡድሃ ቢሆንም ድንጋዩ መረግድ አይደለም፣ አረንጓዴ ጄድ ነው። ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ከፍ ባለ የወርቅ መንበር ላይ ስለተቀመጠ ብዙ ሰው «ይሄ ነው?» ብሎ ቅር ይለዋል። ታሪኩን ላወቀ ግን ትንሽነቱ ራሱ መልስ ነው፤ ተሸክመውት የሚሄዱት ምስል ነበርና። በ1434 በሰሜን ታይላንድ፣ ቺያንግ ራይ ላይ መብረቅ የመታው ማማ ሲፈርስ ልስን የለበሰ ምስል ተገኘ። የአፍንጫው ልስን ሲረግፍ አረንጓዴው ወጣ። ከዚያ ላምፓንግ፣ ቺያንግ ማይ፣ ሉዋንግ ፕራባንግ፣ ቪየንቲያን እያለ ዞረ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዛሬ ላኦስ ውስጥ ናቸው። በ1779 የኋላው ራማ 1ኛ፣ ያን ጊዜ የጦር አዛዥ ሳሉ፣ ቪየንቲያንን ወግተው ወደ ቶንቡሪ አመጡት። አሁን ያለበት አዳራሽ የገባው በ1784 ነው። ቪየንቲያን ውስጥ የነበረበት መቅደስ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ያለ ባለቤቱ ቆሟል። አገር ዋና ከተማ ሲያደርግ ታቦቱን ማስቀደም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለእርስዎ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ልብሱንም ይመልከቱ። ለበጋ፣ ለክረምትና ለብርድ ወራት ሦስት የወርቅ ልብስ አለው፤ ወቅቱ ሲለወጥ የሚቀይረው ንጉሡ ራሱ ነው። ሁለቱን ያሠሩት ራማ 1ኛ፣ የብርዱን የጨመሩት ራማ 3ኛ ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው።

ፀሐይ ሲበረታ በገዳሙ ዙሪያ ወዳለው መተላለፊያ ይዙሩ፤ ጣሪያ አለው። በ178 ክፍል የተሳለው ራማኪየን ነው፣ የሕንዱ ራማያና የታይ መልክ። ትረካው ከሰሜኑ በር ይጀምርና በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። በመጣበት በር ገብቶ ከዚያው የሚጀምር ጎብኚ ትረካው ይምታታበታል። ነጩን ዝንጀሮ ሐኑማንን መሪ አድርገው ይከተሉ፣ አይጠፋዎትም። ቀለሙ አዲስ ሆኖ ቢታይዎ አይገረሙ፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ልስኑን ስለሚያፈርሰው ሥዕሉ በየዘመኑ እንደገና ተሠርቷል።

በሰሜኑ ሰገነት ላይ የካምቦዲያው ትልቅ ቤተ መቅደስ የአንኮር ዋት ትንሽ አምሳያ በድንጋይ ተሠርታለች። ያዘዟት ራማ 4ኛ ናቸው፤ የካምቦዲያ ነገሥታት ለሲያም፣ ለዛሬዋ ታይላንድ፣ ይገብሩ ነበርና። ፈረንሳይ በ1863 ካምቦዲያን ከጥበቃዋ ሥር አስገባች፤ አምሳያዋ ያለቀችው በልጃቸው በራማ 5ኛ ዘመን ነው። አገሩ ሲሄድ ምስሉ ቀረ።

ከገዳሙ ወጥተው ወደ ቤተ መንግሥቱ አደባባይ ሲያልፉ ቻክሪ ማሃ ፕራሳት የሚባለውን የዙፋን አዳራሽ ያገኛሉ፤ በ1882 የተጠናቀቀ ነው። ግድግዳው የአውሮፓ፣ ጣሪያው የታይ። መሐንዲሱ እንግሊዛዊ ነበር፤ በዕቅዱ ጉልላት የነበረው በታይ ሾጣጣ ጣሪያ ተተካ። ታዮች «የታይ ዘውድ የደፋ ፋራንግ» ይሉታል። ፋራንግ ማለት ፈረንጅ ነው፤ በፋርስና በዓረብ ነጋዴ አፍ ዞሮ እኛም እነሱም ዘንድ የደረሰ አንድ ቃል ነው። ገበያ ላይ ደግሞ ዘይቱንም ፋራንግ ይባላል፤ ሻጯ ስትጣራ ሰው ሰደበች ብለው እንዳይተረጉሙ።

ሌላ ግማሽ ቀን ካለዎ ከሳናም ሉዋንግ ዳር ያለው ብሔራዊ ሙዚየም አያስቆጭም። ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው። የንጉሥ ራምካምሄንግ ድንጋይ እዚያ ነው፤ 1292 የሚል ዘመን የተሰጠው፣ የታይ ፊደል ቀደምት ጽሑፍ ተብሎ የሚታወቀው። በ1980ዎቹ አንዳንድ ምሁራን «በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ነው» ብለው ከባድ ክርክር አስነሱ፤ ዩኔስኮ በ2003 በዓለም የመዛግብት ቅርስነት መዝግቦታል። ፊደል ያለው አገር ሰው ፊቱ ቆሞ ቅርጾቹን አንድ በአንድ ማየቱ ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ ጉዞዬ በነቢያት ጾም ነው። የጾም ምግብ አገኛለሁ ወይስ ቆሎ ልያዝ?
ት.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ቆሎው ለአውሮፕላን ይሁን፣ ባንኮክ ውስጥ አይራቡም። ችግሩ ሥጋ ሳይሆን የዓሣ ስጎ ነው። ናም ፕላ ይሉታል፣ ጨው በእኛ ወጥ ውስጥ እንደሚገባው በሁሉ ይገባል። ጥሬ የፓፓያ ሰላጣው ውስጥ ደረቅ ሽሪምፕ አለ፤ የአትክልት ሾርባው ብዙ ጊዜ የተቀቀለው በአጥንት ነው። ስለዚህ «አትክልት ብቻ» ማለት አያድንም።

የሚያድነው ቃል ጄ ነው። የቻይና ዝርያ ያላቸው ታዮች ጾም ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም፣ ከእኛ ይብሳል፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። ምልክቱ ቢጫ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ ሁለት ፊደል ነው፤ ለማያነበው ሰው 17 ቁጥር ይመስላል። ያን ያዩበት ቤት ጣትዎን እየጠቆሙ ያዝዛሉ። የቻይናዎች ሰፈር ያዎዋራት ውስጥ ብዙ ነው፤ ከዋት ማንኮን ባቡር ጣቢያ ሲወጡ ሰፈሩ ውስጥ ነዎት። ማንግሳዊራት የሚለው ቃል ሌላ ነው፤ ሥጋ የለውም ማለት እንጂ እንቁላልና ወተት ሊኖረው ይችላል።

ተራ ምግብ ቤት ከገቡ «ኪን ጄ» ይበሉ፣ ጾመኛ ነኝ እንደማለት። «ማይ ሳይ ናም ፕላ» የዓሣ ስጎ አይግባበት፣ «ማይ ሳይ ካይ» እንቁላል አይግባበት። ካይ እንቁላል፣ ጋይ ዶሮ ነው፤ ድምፁ ይምታታል፣ ግን በጾም ከሁለቱም የለሁበትምና ቢምታታም ግድ የለም። የሚጣበቀው ሩዝ በኮኮናት ወተት ተለውሶ ከማንጎ ጋር የሚቀርበው ጾም ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ምሳ አይተካም።

ጥያቄ፦ ታይላንዶች ሰዓትም ዓመትም እንደኛ ይለያል ሲሉ ሰማሁ። ቀጠሮ እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ።
ሀ.፣ ከጅማ

መልስ፦ ዓመቱን በቀላሉ ይለምዱታል፦ ከፈረንጁ 543 ጨምሩበት። 2025 እነሱ ዘንድ 2568 ነው። ደረሰኝና የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሚያዩት 2568 ስሕተት አይደለም፤ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ሲያነቡ ግን ልብ ይበሉ።

ሰዓቱ ነው የሚያስቀው። የታይ የአነጋገር ሰዓት ቀኑን አራት ቦታ፣ ስድስት ስድስት ሰዓት አድርጎ ይከፍላል። ስለዚህ ምሽት 2 ሰዓት «ሶንግ ቱም» ይባላል፣ ቃል በቃል ሁለት ነው፣ ከእኛ ጋር ልክ ይገጥማል። ጠዋት 2 ሰዓትን አንዳንዱ «ሶንግ ሞንግ ቻኦ» ይለዋል፣ እሱም ገጠመ። ነገር ግን «ባይ ሶንግ» ከቀትር በኋላ ሁለት ሲሆን ለእኛ 8 ሰዓት ነው። መግጠሙን አይተው እንዳይዘናጉ። ሆስፒታል፣ ባቡርና ቲኬት የሚጠቀሙት 24 ሰዓቱን ስለሆነ ያንን ስልክዎ ላይ አስጽፈው ይያዙ። ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ይቀድማሉ።

ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት በአደባባይና በጣቢያ የብሔር መዝሙር ይሰማል፤ ሁሉም ባለበት ይቆማል፣ እርስዎም ይቁሙ። ስለ ንጉሡና ስለ ቤተሰቡ በቀልድም ቢሆን አይናገሩ፣ ፌስቡክ ላይም አይጻፉ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ለአንድ ጥፋት ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፣ የውጭ ሰው ነኝ ማለት አያስምርም።

ጥያቄ፦ ሳልወጣ ምን ላዘጋጅ?
በርካታ አንባቢያን

መልስ፦ ከቪዛው ሌላ ሁለት ነገር። ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርት ጋር ይያዙ። ሌላው ከግንቦት 2025 ጀምሮ የሚሞላው የዲጂታል መግቢያ ቅጽ ነው፤ ከመድረስዎ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካገኙ የተሳሳተ ቦታ ገብተዋል።

ጥያቄ፦ ለሳሎኔ የቡድሃ ራስ ልግዛ?
መ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይግዙ። የቡድሃ ምስል፣ ራስም ሆነ እጅ ብቻ፣ ያለ ጥበባት መምሪያው ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ኤርፖርት ላይ ይያዛል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ክታብ ይፈቀዳል። ከሕጉም በላይ ምስሉን ለቤት ማስጌጫ ማድረግ ያስቀይማቸዋል፤ ሥዕለ ማርያምን የጠረጴዛ ጌጥ አድርጎ እንደማየት ነው።

የእጅ ሥራ ከፈለጉ ዋት ሳኬት አጠገብ ወዳለው ባን ባት ሰፈር ይሂዱ። የመነኮሳት መለመኛ ጎድጓዳ ሳህን በእጅ የሚቀጠቀጥበት ነው። ፋብሪካው በአንድ ምት ያወጣዋል፣ እነሱ ግን ስምንት ቁራጭ ብረት አጣምረው ያበጁታል፤ ስምንትነቱ ለቡድሃ ስምንት መንገዶች ነው። ክፈፉ መጀመሪያ ይታጠፋል፣ ቁራጮቹ ተገጥመው በእሳት ይበየዳሉ፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ይቀጠቀጣል። ከመግዛትዎ በፊት በጣትዎ ይምቱት፤ በደንብ የተበየደው እንደ ደወል ይጮኻል፣ ስንጥቅ ያለበት ይታፈናል። ብረት ስለሆነ ካጠቡት በኋላ ዘይት ካልነካ ይዝጋል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ሰዓት ብቻ ጊዜ ያለው ሰው የትኛውን ይይ?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ ዋት ትራይሚትን። ከሁዋ ላምፖንግ ባቡር ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። 5.5 ቶን የሚመዝን፣ 3 ሜትር ቁመት ያለው የወርቅ ቡድሃ አለበት። ለዘመናት በልስን ተሸፍኖ እንደ ተራ ምስል ይቆጠር ነበር። በ1955 ወደ አዲስ ቦታ ሲያነሱት ገመዱ ተበጠሰና ወደቀ፣ ልስኑ ተሰነጠቀ፣ ወርቁ ታየ። ከተነሳው ልስን የተወሰነው ተቀምጧል፤ እሱን ሳያዩ አይውጡ። ፎቅ ስለሚወጣ ጫማ የሚያወልቁት ላይ ነው፤ ቀትር ላይ እብነ በረዱ ስለሚግል ካልሲ ይያዙ።